መልስ፦ የአባቴ ዕጢ በሲቲ ስካን አድጎ ታየ፤ ሳልም ጀመራቸው

አይዞሽ እህቴ። አባትሽ ፔምብሮሊዙማብ የሚባለውን፣ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነቃቃውን መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ዕጢው አድጎ መታየቱና ደረቅ ሳል መምጣቱ አንድ ነገር ነው ወይ ብለሻል። ለየብቻ መታየት አለባቸው።

ዕጢው ሲያድግ ብዙውን ጊዜ በሽታው ገፍቷል ማለት ነው፤ አልደብቅሽም። አልፎ አልፎ ግን የሰውነት መከላከያ ሴሎች ገብተውበት ያሳብጡታል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አይሬሲስት የተባለው፣ በእንዲህ ያለ ሕክምና ዕጢ ማደግ አለማደጉ የሚለካበት መመዘኛ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራው ተደግሞ ይረጋገጥ የሚለው ለዚህ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሳሉ ነው። መድኃኒቱ ራሱ አንዳንዴ ሳንባን ያስቆጣል። ማለዳ ከደሴ ሆነሽ ጦሳን ጭጋግ ሲያለብሰው አይተሽ የለ? ተራራው ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ፊልሙ ላይም እንደዚያ ያለ ነጭ ጥላ ይወጣል፤ የደም ሥሮቹ በውስጡ ይታያሉ። ቲቢና የሳንባ ምችም ሊመስሉት ስለሚችሉ አክታቸው ይመርመር። መድኃኒቱ ያመጣው ከሆነ ሐኪሙ እሱን አቁሞ ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሊያዝላቸው ይችላል።

ስትሄዱ የድሮውን ሲቲ ስካን ያዢ፤ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም። ትንፋሽ ካጠራቸው ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጃቸው።