የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያጉረመርመው ድምፅ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አነስተኛ ስቱዲዮ አለን። ከሚክሰር ወደ ላፕቶፕ ስንቀዳ «እምምም» የሚል ድምፅ አብሮ ይገባል። የላፕቶፑን ባለሦስት እግር ቻርጀር ነቅለን በባትሪ ስንሠራ ጸጥ ይላል። የቻርጀሩን የኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ) እግር ቁረጡት ተብለናል። እንቁረጠው?

መልስ፦ በፍጹም አትቁረጡት! ኧርዙ የተቆረጠ መሣሪያ ውስጡ ሲበላሽ 220 ቮልቱ ወደ ብረት አካሉ ሊወጣ፣ በኬብሉም አልፎ ማይክ የጨበጠውን ሰው ሊይዘው ይችላል። ለጥራት ተብሎ ሰው አይሞትም።

ደግሞም የመልሱን ግማሽ ራሳችሁ አግኝታችኋል። ቻርጀሩ ሲነቀል ድምፁ ከጠፋ ማይኩም ሚክሰሩም ደህና ናቸው። ሚክሰሩና ላፕቶፑ እያንዳንዳቸው ከሶኬት ኧርዝ ያገኛሉ፤ በመካከላቸው የተዘረጋው የድምፅ ኬብል ደግሞ ሁለቱን ኧርዞች ዳግመኛ ያገናኛቸዋል። በ50 ኸርዝ የሚያጉረመርመው በዚህ ቀለበት ውስጥ የሚዞረው ጥቂት ኮረንቲ ነው።

መጀመሪያ ምንም ወጪ የሌለውን ሞክሩ፤ ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልጠፋ በሚክሰሩ መውጫና በላፕቶፑ መግቢያ መካከል አንድ ለአንድ የሆነ የድምፅ ትራንስፎርመር አስገቡ፤ ድምፁን በማግኔት ያሳልፋል፣ የኧርዙን ቀለበት ግን ይበጥሰዋል። ወደፊት ባላንስድ መግቢያ (ድምፁን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች የሚቀበል) ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ ከገዛችሁ ደግሞ የኬብሉን ሽፋን ሽቦ በተቀባዩ ጫፍ ብቻ፣ ከፒን 1 (ከመሰኪያው ሦስት እግሮች ቁጥር 1 ከተባለው) ላይ ስታኞውን አቅልጦ ማላቀቅ ይቻላል። በማይክ ኬብል ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ የፋንተም ፓወር (ሚክሰሩ በኬብሉ በኩል ለማይኩ የሚልከው ኮረንቲ) መመለሻው ፒን 1 ስለሆነ፣ ያለዚህ ኮረንቲ የማይሠራው ኮንደንሰር ማይክ ሥራ ያቆማል።

የግድግዳውን ሶኬትም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይለካው። ከፌዝ (ኮረንቲ ካለበት ሽቦ) እስከ ኑል (መመለሻው ሽቦ) 220 ቮልት አካባቢ፣ ከፌዝ እስከ ኧርዝም ያንኑ ያህል፣ ከኑል እስከ ኧርዝ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ከፌዝ እስከ ኧርዝ ያለው ዝቅ ብሎ ከዋዠቀ ኧርዙ ለስሙ ያለ እንጂ መሬት አልደረሰም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ማሲንቆና ዘፈን በሁለት ማይክ ቀድቼ በሄድፎን ስሰማው ያምራል፤ በስልክ ስፒከር ሲከፈት ግን የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል። ምን ይሆን?

መልስ፦ የስልኩ ስፒከር ግራና ቀኙን አንድ ላይ ሲደምራቸው የሁለቱ ማይኮች ድምፅ እርስ በርሱ እየተጠፋፋ ነው። ማይኮቹን ጎን ለጎን አስጠግተው በእኩል ጌይን (የመግቢያ ድምፅ መጠን)፣ የሁለቱንም የግራና ቀኝ ማዞሪያ መሃል ላይ አድርገው ይናገሩ። ሁለተኛውን ፌደር (የድምፅ ማንሸራተቻ) ሲከፍቱ ድምፁ ከመጨመር ይልቅ ከከሳ አንዱ ኬብል ተገልብጧል። ቴስተርዎን በሚጮኸው ላይ አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ፒን 1 ከ1፣ 2 ከ2፣ 3 ከ3 ጋር መጮኹን ያረጋግጡ፤ 2 ከ3 ጋር ከጮኸ የተበየደው ተቀያይሯል።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የርቀት ነው። ድምፅ 34 ሳንቲ ሜትር ለመሄድ አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የዘፋኙ ድምፅ ወደ ሁለተኛው ማይክ ያን ያህል ዘግይቶ ከደረሰ 500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ይጠፋል፤ የሰው ድምፅ ሥጋው ደግሞ እዚያ ነው። ልማዱ አንድ ለሦስት ነው፤ የዘፈኑ ማይክ ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር ከራቀ ማይኮቹ እርስ በርሳቸው 60 ይራራቁ። አዝማሪ እየመታ ስለሚዘፍን ይህ ሁልጊዜ አይመችም። እንዲህ ሲሆን የማሲንቆውን ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ የሚሰማ፣ ከጀርባው ግን ብዙም የማይሰማ) ዝቅ አድርገው፣ ጀርባውን ወደ አፍ አዙረው ቆዳውን ያሳዩት። 

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም። ክረምት ሲገባ ኮንደንሰር ማይካችን «ጠሽ ጠሽ» ይላል።

መልስ፦ በቅድሚያ ኬብሉን ቀይሩ። ቀጥሎ ማይኩን ነቅላችሁ ፋንተሙን ለኩ፤ ከፒን 1 እስከ 2፣ ከ1 እስከ 3 ሁለቱም ከ44 እስከ 52 ቮልት ውስጥ፣ እርስ በርሳቸውም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ጎን ከሌለ የሚክሰሩ 6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይታይ። ሁሉም ደህና ከሆነ ካፕሱሉ (ድምፁን የሚቀበለው የማይኩ ክፍል) እርጥበት ይዟል፤ ክዳኑ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አሳድሩት። በፀጉር ማድረቂያ አትንፉበት፤ ስሷን ሽፋን ያበላሻታል።