ሆስፒታል ለመርዳት ለተነሳችሁ ልጆቼ

ከመንዝ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከቡልጋ፣ ከይፋት ወጥታችሁ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር የምትኖሩ ወጣቶች ለትውልድ ቀያችሁ ሆስፒታል ገንዘብ ስታሰባስቡ ሳይ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በደጋው ሸዋ በኦፕራሲዮን ክፍል ነርስነት ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ ገንዘቡ ዕቃ ከመሆኑ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ መጀመሪያ ጠይቁ።

የሰጪ ልብ ቶሎ የሚማረከው በትልቅ ማሽን ነው። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ከባሕር ማዶ የተላከ የማደንዘዣ ማሽን ኮሪደር ላይ ቆሞ ቀርቷል። የተሠራው ለ110 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። የሚቀየረው ቱቦ አገር ውስጥ አይገኝም። ኋላ ኋላ የታጠበ አንሶላ ይደረደርበት ጀመር። በአጠገቡ ደግሞ ጓንትና የስፌት ክር ከውጭ ገዝተህ አምጣ የተባለ አባወራ፣ ወረቀቱን ጨብጦ፣ የትኛውን በግ እንደሚሸጥ ከዘመዱ ጋር በስልክ ሲማከር ሰምቻለሁ። ያ ሰው የሚፈልገው በፌስታል የሚያዝ ዕቃ ነበር።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በድሃ አገሮች ሆስፒታሎች ከተቆጠረው የሕክምና መሣሪያ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው እንደማይሠራ አሳይቷል። ማሽን የሚሞተው በመለዋወጫ እጦት፣ በመብራት መዋዠቅና ጠጋኝ በማጣት ነው። እንግዲያው ማሽን መግዛታችሁ ካልቀረ መብራቱን የሚያረጋጋውን ስታቢላይዘር፣ ፊልተሩንና የባዮሜዲካል ቴክኒሻኑን (የሕክምና መሣሪያ ጠጋኙን) ሥልጠና አብራችሁ በጀት ያዙላቸው።

የአገራችሁን ከፍታም አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። መቀስና ፒንሳ ቀቅሎ መጠቀም ቆላም ላይ አያዋጣም፣ ደጋ ላይማ ጭራሽ! መሣሪያን በታመቀ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለዚህም ቆላ ላይ ከሚበቃው የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። ይህን ያልተነገረው ሠራተኛ የግፊት መለኪያውን ቀስት አምኖ ያልጸዳ መሣሪያ ለሐኪሙ ያቀብላል። ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራው ኮንሰንትሬተርም እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። ሳታነቡ አትግዙ።

ገንዘባችን ትንሽ ነው የምትሉም አትፈሩ። ተዋናዩ ካርልሄንዝ ቦም በ1981 እ.ኤ.አ. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራቡ ሰዎች አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ከዚያ የተሰበሰበው የ«ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት መነሻ ሆነ። ይኸው ድርጅት ነው ኋላ በመርሐ ቤቴ፣ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታልን የሠራው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል እንዲህ ነው። ግን ለአንድ ሰሞን ብዙ ከምታዋጡ በየወሩ ትንሽ ብታዋጡ እመርጣለሁ፤ ጓንትና ፋሻ በየወሩ ያልቃልና።

ብር የሌለው ደግሞ ደም አለው። ወልዳ ደም የሚፈስሳት እናት የምትሞተው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ያኔ ፍሪጅ ውስጥ ደም ከሌለ የሐኪሙ ችሎታ ብቻውን አያተርፋትም። ዕድሜያችሁ 18 ከሞላ፣ ክብደታችሁ ቢያንስ 45 ኪሎ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ መለገስ ትችላላችሁ። የተለገሰ ቀይ የደም ሴል ተጠብቆ የሚቆየው ግፋ ቢል 42 ቀን ነው፤ ስለዚህ ለበዓል ብቻ የሚሰበሰብ ደም አይበቃም።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ብላችሁ አልጋ ላይ የተኛች ሴት ፊቷን ፎቶ አታንሱ። ጎረቤቷ እንዳያይባት ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስትስብ ያየ ሰው ይገባዋል። ባዶውን የመድኃኒት መደርደሪያ አንሱ፤ እሱ ይበቃል።

ሆስፒታሉ ስትሄዱ ሥራ አስኪያጁን አክብራችሁ አነጋግሩ፤ ከዚያ ግን ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ ወደ ማዋለጃው ክፍልና ወደ ጥገና ክፍሉ ዝለቁ። የሌሊት ተረኛዋን አዋላጅ «ባለፈው ሳምንት ምን አለቀባችሁ?» በሏት። የምትነግራችሁን ጻፉና ከዚያ ጀምሩ።