ሽንኩርት እየከተፉ ቋንቋ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ማድ ቤት ይገናኛሉ። የሰው አገር ቋንቋ አብሮ በማብሰል ይለመዳል ወይ ነው ነገሩ። ይለመዳል። ግን አደራረጉ ላይ ጉድ አለ።

በራሴ ልጀምር። ጀርመን አገር እንግድነት ሄጄ፣ ከአንድ የጀርመንኛ መጽሐፍ እያነበብኩ የምስር ሾርባ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። «ሁለት ቴ ኤል ጨው» ይላል። ቴ ኤል «ቴሎፈል» ነው፣ የሻይ ማንኪያ። ኤ ኤል ደግሞ «ኤስሎፈል»፣ የሾርባ ማንኪያ። አምታታኋቸው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ የሾርባው 15። ሦስት እጥፍ ጨው ማለት ነው። ባለቤቶቹ ጨዋ ስለሆኑ ሁለት ሁለቴ ፉት ብለው ውኃ ጠጡ። ሁለቱን ቃላት ግን ከዚያ ወዲህ ረስቻቸው አላውቅም።

ወደ እናንተ።

«ፍራንክፈርት ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የጀርመንኛውን የመካከለኛ ደረጃ ፈተና፣ ቢ 1ን፣ አልፌያለሁ፤ ሰው ፊት ስቆም ግን አፌ ይተሳሰራል። አማርኛ መማር የምትፈልግ ጀርመናዊት የታንደም ጓደኛ፣ ቋንቋ ለቋንቋ የምንለዋወጥ ማለት ነው፣ አግኝቻለሁ። ካፌ ቁጭ ብለን ደኅንነት ከተጠያየቅን በኋላ ወሬው ያልቅብናል። አብረን ብናበስልስ? ምን እንሥራ?»

አብስሉ። ካፌ ውስጥ ወሬ የሚያልቀው እጅ ሥራ ስለሌለው ነው። ሽንኩርት እየላጠ ዝም ያለ ሰው ግን ማንንም አያስጨንቅም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የጀርመን ምግብ ሲሠራ ጀርመንኛ፣ የእኛ ሲሠራ አማርኛ ይናገራሉ። ተፈጥሯዊ ይመስላል። ግን ምግቡንም ቋንቋውንም የምታውቀው አንዷ ብቻ ትሆናለች፤ ሌላዋ «እሺ፣ እሺ» ስትል ትውላለች። ገልብጡት። ሽሮ ስትሠሩ ጀርመንኛ ተናገሪ። እሷ የድንች ሰላጣ ስትሠራ በአማርኛ ታስረዳሽ። ቢላውን ደግሞ ሁልጊዜ የምትታዘዘዋ ትያዘው። እጅሽ ሥራ ከያዘ ቶሎ ብለሽ ራስሽ ትሠሪዋለሽና አትናገሪም። እጅሽ ባዶ ከሆነ ግን መናገር ግድሽ ነው።

ያኔ «አቁላዪው» የሚለውን በጀርመንኛ ለማለት ስትሞክሪ ታያለሽ። በአንድ ቃል የለም። «ያለ ዘይት፣ በቀስታ፣ ውኃው እስኪመጥ፣ እንዳያርር እያማሰልሽ» ማለት አለብሽ። ይህን ሁሉ በጀርመንኛ ካልሽ የዕለቱን ትምህርት ጨርሰሻል። እንጀራ ደግሞ ከምታስቢው ይቀላል። ጀርመኖች ጥቁር ዳቧቸውን በእርሾ ነው የሚያቦኩት፤ «ዛወርታይክ» በያትና ወዲያው ይገባታል። አብሲቱን ስታስረጂ ግን ላብ ላብ ይልሻል።

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር። የጀርመን የምግብ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ዲ ጽቪበልን ሽናይደን» ብለው ይጽፋሉ። ቃል በቃል «ሽንኩርቶቹን መክተፍ» ነው። ግሱ ልክ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ስለሚውል ደስ ይለናል። ሰውን ስታዢ ግን ግሱ ወደ ፊት ይዘላል፤ «ሽናይድ ዲ ጽቪበልን!» ትያለሽ። ስለዚህ መጽሐፉን እንዳለ አታንብቢላት። እያንዳንዱን መስመር ወደ ትእዛዝ እየለወጥሽ ንገሪያት። «ኡምሩረን»፣ ማማሰል ማለት ነው፣ ለሁለት ሲሰነጠቅና «ኡም» የምትለዋ ወደ መጨረሻ ስትሸሽ የምትለምጂው እንዲህ ነው።

ሲያበቃ ቡና አፍሉ። አቦሉን በጀርመንኛ፣ ቶናውን በአማርኛ፣ በረካውን እንደመጣላችሁ። ገንዘብና ጊዜ ካለሽ ደግሞ ሌላ የቋንቋ ኮርስ ከመጨመር በከተማው «ፎልክስሆኽሹለ»፣ በጎልማሶች ማስተማሪያው ማለት ነው፣ የምግብ ሥራ ኮርስ ግቢ። እዚያ ማንም ሰዋስውሽን አያርምም፤ ድስቱ እንዳያርር ብቻ ነው የሚጮኹብሽ።

«ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። አረብኛ በስልክ እየተማርኩ ነው፤ ማዳም የምትለው ግን ከስልኩ ጋር አይገጥምም። ‹ዐይሽ አምጪ› ስትለኝ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ።»

አንቺም ስልክሽም አልተሳሳታችሁም። ግብፅ ውስጥ «ዐይሽ» ዳቦ ነው። ኩዌትና ባህሬን ደግሞ ሩዝ። ቲማቲምም እንዲሁ ነው፤ ሊባኖስ ስትሄጂ «ባናዱራ» ይሉታል። የማድ ቤት አረብኛ የሚለመደው ከቤቱ ሰው አፍ ነው።

የያዝሽው ስንቅ ግን ቀላል አይደለም። ሻይ፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ባሚያ፣ ፋሶሊያ፣ ሹካ ስትይ አረብ ይሰማሻል። ዘይትና ቡናም ድምፃቸው ቅርብ ነው። ስለዚህ በዕቃ ስም ላይ ጊዜ አታጥፊ። ግሶቹን ያዢ፦ አምጪ፣ እጠቢ፣ ቀንሺ፣ እሳቱን አጥፊ። ስትታዘዢ ደግሞ ከመንቀሳቀስሽ በፊት ትእዛዙን በጥያቄ መልሺው፤ «ሩዝ? ሁለት ብርጭቆ?» ብለሽ። ከስሕተት ያድንሻል፤ እሷም ስትደግምልሽ ሁለተኛ ትሰሚዋለሽ።

የሥራ ማድ ቤት የጓደኛ ማድ ቤት እንዳልሆነ ይገባኛል። እዚያ እየተሳሳቱ መማር ሊያስቆጣ ይችላል። መሳሳቱን ቤቱ ካሉት ሕፃናት ጋር አድርጊው፤ እነሱ ማረም ይወዳሉ።

በነገራችን ላይ፣ ሴም ቋንቋዎች ምግብ ላይ ሲጫወቱ ደስ ይለኛል። አረብ «ላሕም» ሲል ሥጋ ነው፤ በዕብራይስጥ «ሌሔም» ዳቦ ነው። ቤተ ልሔም «የእንጀራ ቤት» የሚባለው ለዚህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢም ለቅዳሴ ኅብስቱ የሚዘጋጅባት ቤት ስሟ ቤተልሔም ነው።

«ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጆቼ 8 እና 11 ዓመታቸው ነው። አማርኛ ይሰማሉ፤ የሚመልሱልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሮ ወጥ ላስተምራቸው አስቤያለሁ።»

ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ዶሮ ወጡን ግን አቆዪው። ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት ይፈጃል! አማርኛን ከመሰልቸት ጋር አያይዘው ይቀራሉ። በፍርፍር ወይም በጨጨብሳ ጀምሪ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ በእጅ ይፈረፈራል፣ ወዲያው ይበላል።

ደግሞ «ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» አትበዪ። ያ ፈተና ነው። እነሱ ያዙሽ፤ አንቺ እንደ ሮቦት ታዘዢ። «ጨው» ብቻ ካሉሽ ጨዉን አንሥተሽ ቁሚ። «ጨምሪ» ሲሉ ጨምሪ፣ «በቃ» እስኪሉሽም አታቁሚ። ስኒ ውስጥ በውኃ ሞክሩት እንጂ ወጡን አታበላሹ። «በቃ!» ብሎ የጮኸ ልጅ ያችን ቃል አይረሳትም።

ዶሮው ለፋሲካ ይደርሳል። ያኔ 12ቱን ብልት ስትቆጥሩ ፈረሰኛና መላላጫ የሚሉትን ቃላት ያገኛሉ፤ ትምህርት ቤት አያስተምራቸውም። አያታቸው አገር ቤት ካሉ በቪዲዮ ይደወልላቸው። ልጆቹ «ስንት ኩባያ?» ይላሉ። እሳቸው «በዓይንህ ለካው» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ክርክር ዝም ብለሽ አዳምጪ።

«ከአዳማ ነው። ጣልያንኛ ልጀምር ነው። ከዜሮ።»

ከዜሮ አይደለም። ፎርኖ፣ ሱጎ፣ ሳልሳ፣ ብስኩት፣ ቦምቦሊኖ፣ ጀላቲ፣ ጋዞዛ እያልክ ነው ያደግኸው። «ማኪያቶ» ጠብታ ያረፈበት፣ የተበከለ ማለት ነው፤ ወተት የነካው ቡና። ግን ትርጉሙ ሁሉ አንድ አይደለም። እኛ ፓስታ ስንል ረጅሙን ነው፣ አጭሩ መኮሮኒ ነው። ለጣልያን ሁሉም ፓስታ ነው። ሳልሳም እነሱ ጋ ማንኛውም ስጎ ነው እንጂ የጣሳው ድልህ አይደለም። ሮም ካፌ ገብተህ «ላቴ» ብቻ ካልክ ደግሞ ነጭ ወተት ይመጣልሃል።

«ባለቤቴ ሆላንዳዊ ነው። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። አማርኛ የለመደው እናቴ ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ ጎበዝ ሆኗል። ችግሩ፣ ባለፈው እሑድ ማዕድ ላይ አባቴን ‹አባባ፣ ወጥ ጨምሪ› አላቸው። አባቴ እስከ አሁን ይስቃሉ። እንዴት ላርመው?»

እኔም ሳቅሁ፤ ይቅርታ። ምስኪኑ የሰማውን ነው ያለው። እናትሽ ማድ ቤት ውስጥ የሚያዙት አንቺንና እኅቶችሽን ነው። «ጨምር» የሚል ቃል እዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም፤ ወንድሞችሽ ሳሎን ኳስ እያዩ ነዋ። ጥፋቱ የአማርኛ ሳይሆን የእኛ ነው።

መድኃኒቱ ወንድምሽን ማስነሣት ነው። እናትሽ ያንኑ ሥራ አንድ ጊዜ ወንድምሽን፣ አንድ ጊዜ አንቺን ይዘዙ። ባለቤትሽ የመጨረሻዋ ፊደል ስትለወጥ ይስማ። ቁረጥ፣ ቁረጪ። ቅመስ፣ ቅመሺ። ጣድ፣ ጣጂ። ክደን፣ ክደኚ። ቀቅል፣ ቀቅዪ። እኛ አስበን አናውቅም እንጂ ሥርዓት አለው፤ ጠ ጨ ይሆናል፣ ሰ ሸ፣ ደ ጀ፣ ነ ኘ፣ ለ ደግሞ የ። አምስቱን ግስ በእጁ እየሠራ ከያዘ ሌሎቹን ራሱ ይገምታል። ከዚያ እሱ ሁለታችሁን ይዘዝ፤ ከተሳሳተ የተጠራው ሰው አይንቀሳቀስ።

አማቶቹን ግን ማዘዝ አያስፈልገውም። «ልጨምርልዎ?» የምትለዋን አንድ ቃል እንደ ጸሎት ያጥናት። በሆላንድኛም የክብር አጠራር ስላለ ሐሳቡ አይከብደውም። «ጉርሻ ላድርግልዎ» የሚለውን ለሚቀጥለው በዓል አቆዪለት።

«ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነን፣ አራት ጓደኛሞች። እሑድ እሑድ እንግሊዝኛ ብቻ እየተናገርን ልናበስል ነው። ከመካከላችን ግን ጎበዝ የለም። ያዋጣል?»

ለድፍረት ያዋጣል። ለትክክለኛነት ብቻችሁን አይበቃም፤ የአንዱን ስሕተት አራታችሁ ትለምዱታላችሁ። አንድ አጭር የምግብ ቪዲዮ ምረጡ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ በየተራ ተርኩት። ከዚያ ከፍታችሁ ስሙት። እናንተ «ከት» ብቻ ስትሉ ባለሙያው «ቾፕ»፣ «ስላይስ»፣ «ዳይስ»፣ «ሚንስ» እያለ ሲለያይ ትሰማላችሁ። ሲንተከተክ የሚባለውን «ሲመር»፣ ሲፈላ የሚባለውን «ቦይል» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ምድጃ የሚለኮሰው።

አንዲት ወጥመድ አለች። «ሆት» ትኩስም ነው፣ የሚያቃጥልም። ሚጥሚጣ የነካው ምግብ ለፈረንጅ ሰጥታችሁ «ኢት ኢዝ ሆት» ብትሉት እፍ እፍ ብሎ ይጎርሰዋል። «ስፓይሲ» በሉት።

«ስቶክሆልም የቋንቋ ተማሪዎች በየወሩ አብረን እናበስላለን። ዐቢይ ጾም ላይ ምን ልበላቸው? በየጊዜው ማስረዳት ሰለቸኝ።»

ሲቸኩሉ «ቪጋን» በላቸው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጊዜ ሲኖርህ ግን ማስረዳቱን አትጥላው። ለምን 55 ቀን እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደማትበላ በስዊድንኛ መናገር ከምግቡ ስም የበለጠ ቋንቋ ይጠይቃል። ተራው ያንተ ሲሆን ደግሞ በያይነቱ ሥራ፤ አንድ ትሪ ላይ የሚተረኩ ሰባት ስምንት ወጦች ይኖሩሃል። ሽንኩርቱን ለስዊድኖቹ ስጣቸው።