በራሪዋ ጀልባ ሐይቅ ላይ ትሠራለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳት ባለ ሸራ ጀልባ፣ ሞተር ሳይኖራት ከውሃው ብድግ ብላ ስትበር በቴሌቪዥን አየሁ። እንዴት ነው ነገሩ? እኔስ ሠርቼ ደሴ አቅራቢያ፣ ሐይቅ ከተማ ባለው ሐይቅ ላይ ልነዳት እችላለሁ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! ያየሃት ኢንተርናሽናል ሞዝ ሳትሆን አትቀርም። ርዝመቷ 3.355 ሜትር ብቻ ነው። ክብደቷም ከነጂዋ ያንሳል። አንድ ከሆዷ ሥር፣ አንድ ከመሪዋ ጫፍ ውሃ ውስጥ የሚጠልቁ ክንፎች አሏት። ፍጥነት ስታገኝ ክንፎቹ ያነሷታል፤ ውሃው ሆዷን መጎተቱን ይተዋል። ከዚያማ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ትከንፋለች።

እኔን የምትገርመኝ ግን ከአፍንጫዋ የተንጠለጠለችው ቀጭን ዘንግ ናት። ጫፏ ውሃውን እየዳሰሰ ይሄዳል። ጀልባዋ ዝቅ ስትል ውሃው ዘንጓን ወደ ኋላ ይገፋታል። ያን ጊዜ ከዘንጓ ጋር የተያያዘው የክንፉ ጅራት፣ ማለት ከኋላ ጠርዙ ያለው ታጣፊ ክፍል፣ ወደ ታች ይታጠፍና ጀልባዋን ያነሳታል። ከልክ በላይ ከፍ ስትል ደግሞ ጅራቱ ይመለሳል። ባትሪ የለ፣ ኮምፒውተር የለ! ዕድሜዬን ወርክሾፕ ውስጥ ስለጨረስኩ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወደ አንተ ጉዳይ ስንመጣ፣ የሞዝ ውድድር ደንብ ልኬቷን ይወስናል እንጂ ቤትህ ብትሠራት አይከለክልህም። ፈተናው የካርቦን ፋይበር ክንፉ ነው፤ ትንሽ ከተጣመመ ጉድ ፈላ። እኔ ብሆን በኦኬ ዲንጊ እጀምር ነበር። ዴንማርካዊው ክኑድ ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነደፋት የአንድ ሰው ተወዳዳሪ ጀልባ ናት፤ ሰው ቤቱ በኮምፔርሳቶ እንዲሠራት ታስባ የወጣች። 4 ሜትር ርዝመት፣ 8.5 ካሬ ሜትር ሸራ አላት። አትበርም፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ውሃው ላይ ትንሸራተታለች። ውሃ የሚችል ኮምፔርሳቶና ኢፖክሲ የሚባለውን ውሃ የማይበግረው ማጣበቂያ ፈልግ። ቺፑድና ነጭ ኮላ ለቁምሳጥንህ ይቆዩ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ከባሕር ጠለል ከ1,900 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ነፋሱ እኩል ቢነፍስ እንኳ ሸራህ ጅቡቲ ላይ ከሚያገኘው ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ይጎድለዋል። ስለዚህ እንጨት አታብዛባት፣ ቀለል አድርጋት። ደግሞ ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት እንዳትገባ! መጋዝ ከማንሳትህ በፊት ሐይቅ ውረድና እዚያ ጀልባ የሚቀዝፉትን ሰዎች ነፋሱ በስንት ሰዓት፣ ከየት በኩል እንደሚነሳ ጠይቃቸው።