ሕክምና ለሁሉም እንዲዳረስ ጥናት ምን ይሠራል? ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ሥራዬ የማኅበረሰብ ጤና ነው። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሐኪም በሌለበት ገጠር ጥናት ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ብዙ! የሕፃናት የሳንባ ምችን እንይ። ራጅ በሌለበት በምን ይለያል? ተመራማሪዎች ትንፋሽ መቁጠር እንደሚበቃ አሳዩ። እናት ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ ልብሱን ከፍ ታደርጋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሰዓት ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ደረቱን እያየች ትቆጥራለች። ካለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ አይሆንም፣ እስኪረጋጋ ትጠብቃለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከቆጠረች ትንፋሹ ፈጣን ነው። የአደጋ ምልክት ከሌለበት አሞክሲሲሊን እዚያው ጤና ኬላ ይሰጠዋል። ካለበት ሪፈር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ይህን ማከም አይፈቀድላትም ነበር። መረጃ ሲጠራቀም ነው የተፈቀደላት።

ጥያቄ፦ ጥናት ሕክምናን ያስወድዳል እንጂ መቼ ያረክሳል?

መልስ፦ ኦአርኤስን፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠውን፣ ረሳኸው እንዴ? በ1971 እ.ኤ.አ. የባንግላዴሽ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ግሉኮስ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጦ በአፍ አጠጣ። ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ።

ጥያቄ፦ እኛ ላይ ይሞክሩብናል እንጂ ምን አገኘን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብትጠራጠር አልፈርድብህም። ግን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምናው 20 ወር ነበር። የቀን ሠራተኛ 20 ወር እንዴት ይመላለሳል? እኛ፣ ቬትናም፣ ሞንጎሊያና ደቡብ አፍሪካ በተካፈልንበት ጥናት ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስደው ሕክምና ከረጅሙ እንደማያንስ ታየ። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጣ። አዲስ አበባ ላይ አርመር ሐንሰን የምርምር ተቋምና ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሠርተውበታል። ለማንኛውም ቅጽ ሲሰጡህ አስነብብ፣ ጠይቅ። እምቢ ማለትም፣ መሃል ላይ ማቋረጥም መብትህ ነው።

ጥያቄ፦ እንዶድስ የት ገባ?

መልስ፦ ያሳዝናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውኃ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚዎች ናቸው፤ የገደላቸው እንዶዱ ነው። ከግኝቱ ይልቅ የውጭ ተቋማትን ማሳመን ከበደው። የፈረንጅ ላብራቶሪ ካላጸደቀው ማን ይሰማል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እኔስ የልጄን ትንፋሽ ቤት ብቆጥር?

መልስ፦ ቁጠሪ እህቴ፣ መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳትገዢ። ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም መጥባት ካቃተው ሳትቆጥሪ ይዘሽው ሂጂ።