አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ሲነሳ ስታክ ካደረገ፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጥተሽ እዚሁ ጅማ ቤትሽ ገጣጥመሻል፦ ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ብራንዳቸው የተለያየ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፣ ከድሮው ኮምፒውተር የወጣ ሃርድ ዲስክ። ሲበራ የማዘርቦርዱ ሎጎ ይመጣና እዚያው ይደርቃል፤ አንዳንዴ አልፎ ሄዶ የዊንዶውስ ነጥቦች መሽከርከር ከጀመሩ በኋላ ስታክ ያደርጋል። ብዙ ሰው «ፎርማት አስደርጊው» ብሎሻል።

ከጻፍሽው ሁሉ የምትበልጠው ግን መጨረሻ ላይ የጠቀስሻት ነገር ናት፤ አንድ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ሆነሽ ሰዓት ስታስተካክዪም ደርቋል። ባዮስ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ካለ ቺፕ ነው፤ እዚያ ድረስ ዊንዶውስ ገና አልተነካም። ስለዚህ ፎርማቱን ለጊዜው እርሺው። ጥፋቱ ያለው ከራሙ፣ ከኃይሉ፣ ከማቀዝቀዣው ወይም ከአገጣጠሙ ነው። እየሞተ ያለ ሃርድ ዲስክም ባዮስን አንቆ ሊይዝ ይችላል፤ እሱን ግን በመንቀል ብቻ እንለየዋለን። ሱቁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለበት፣ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ በእርግጠኝነት ሳታውቂ ምንም ነገር እንዳትልኪ።

ገመዱን ከግድግዳ ንቀዪና የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ውስጡ የቀረውን ኃይል አስወጪ። ከዚያ ኬዙን ክፈቺ። ሃርድ ዲስኩን ከዳታውም ከኃይሉም ገመድ ለዪው። የፊት ዩኤስቢ ገመዶች፣ ዋይፋይ፣ ተጨማሪ ፋኖች፣ ሁሉም ይነቀሉ። የሚቀረው ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሞኒተርና ኪቦርድ ብቻ ነው። 5600ጂ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርድ አያስፈልግም፤ የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካ። ቀጥሎ የባዮስ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበትን ሲሞስ አጽጂ፦ ገመዱ እንደተነቀለ ክብ ባትሪውን (ሲ አር 2032) አውጥተሽ ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ መልሺው፤ ወይም በማኑዋሉ የተመለከቱትን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለ10 ሰከንድ አገናኚ።

ራሙ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ለብቻ ለብቻ የተገዙ ሁለት ራሞች ያሉበት አዲስ ኮምፒውተር ሲደርቅ ከሁሉም በፊት የሚጠረጠረው እሱ ነው። አራት ማስገቢያ ባላቸው አብዛኞቹ ቦርዶች አንድ ራም የሚገባው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛው ላይ ነው፤ ኤ2 ይባላል። ሁለት ሲሆኑ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይገባሉ። አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ሲገቡ አንዳንዱ ቦርድ ይሠራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ልክ እንዳንቺው ይነሳና ይደርቃል። ስትሰኪው ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫኚ። ብዙ ቦርድ ላይ መቆለፊያው ባንድ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ «ጠቅ» አለ ብለሽ ስትተዪው ሌላኛው ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። ያ ብቻውን ለእንዲህ ዓይነት ችግር ይበቃል።

ባዮስ ውስጥ ኤክስ ኤም ፒ ወይም ዲ ኦ ሲ ፒ የሚል ምርጫ ካለ አጥፊው። 3200 ተብሎ የተሸጠ ራም ያንን ፍጥነት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በዚህ ምርጫ ነው፤ ቮልቴጁም ከ1.2 ወደ 1.35 ይነሳል። ሲጠፋ ወደ 2133፣ 2400 ወይም 2666 ይወርዳል፤ ለምርመራ ይህ ይበቃል። አብሮም ሙሉ ሎጎ የሚያሳየውን ምርጫ አጥፊ፤ በሎጎው ፋንታ ጽሑፍ ስለሚመጣ የት ላይ እንደቆመ ታያለሽ።

አሁን ሜምቴስት86 የሚባለውን ራም መፈተኛ ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ጭነሽ በዚያ አስነሺው። አንደኛውን ራም ኤ2 ላይ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን እዚያው ኤ2 ላይ። ነፃው ቅጂ አራት ዙር ይሠራል፤ ሰዓታት ስለሚወስድ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ጀምሪው። አንድ ስህተት እንኳ ብትታይ ያ ራም አላለፈም፤ «አንድ ብቻ ናት» ብሎ ነገር የለም። አንዱ አልፎ ሌላው ከወደቀ ጥፋተኛው ተገኘ። ሁለቱም ኤ2 ላይ ወድቀው ሌላ ማስገቢያ ላይ ካለፉ፣ ችግሩ ወይ ማስገቢያው ነው ወይ ፕሮሰሰሩ ሥር የተጣመመ ፒን ነው። ሁለቱም ለየብቻ አልፈው አብረው ሲሆኑ ከወደቁ ደግሞ ራሞቹ አልተግባቡም፤ በአንድ ማሸጊያ የሚሸጥ ጥንድ መግዛት ነው መፍትሔው። ጫፉን በላጲስ ጥረጊው የሚልሽ ይኖራል። እኔ አልመክርም፤ ላጲስ ስሱን የወርቅ ቅብ ይፍቃል፣ ፍርፋሪውም ማስገቢያው ውስጥ ይቀራል። አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ነክረሽ ጠርጊና በደንብ ይድረቅ።

ኃይሉንም እንዳትረሺ። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ ሁለት ገመዶች መግባት አለባቸው፦ ትልቁ ባለ 24 ፒንና ከላይ ጥግ ላይ ያለው የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን። የኋለኛው 4 ሲደመር 4 ሆኖ የሚከፈለው ነው፤ 6 ሲደመር 2 የሆነው የግራፊክስ ካርድ ስለሆነ በግድ እንዳትከቺው። ባዮስ ውስጥ የቮልቴጅ ንባብ አለ፤ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6፣ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ውስጥ መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ በቴስተር አረጋግጪ፤ የባዮስ ንባብ አንዳንዴ ይሳሳታል። ማከፋፈያውን ትተሽ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሞክሪ። ደግሞ የሚደርቅበትን ሰዓት አስተውዪ። ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ ያንቺ ወይም የጎረቤት ምጣድ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ያንን መወዛወዝ አይችለውም። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ብቻ የሚደርቅ ከሆነ ኮምፒውተሩን ትተሽ መስመሩን መርምሪ።

ማቀዝቀዣው ቶሎ ይታያል። ባዮስ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እዪ፤ 40 ወይም 50 ዲግሪ አካባቢ ከቆመ ደህና ነው። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ 80ን አልፎ ወደ ጣሪያው፣ ወደ 95፣ የሚወጣ ከሆነ ማቀዝቀዣው አልተቀመጠም። አራቱን ብሎኖች በማዕዘን አቀያይረሽ፣ ጥቂት ጥቂት እያልሽ አጥብቂ። ማንሳት ካስፈለገሽ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሙቂው፤ ከዚያ አጥፍተሽ፣ ገመዱን ነቅለሽ፣ ግራ ቀኝ በቀስታ እያዞርሽ አላቂው። በዚህ ዓይነት ሶኬት ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ በደረቀ ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ተጣብቆ አብሮ ተነቅሎ ከወጣ ፒኖቹ ይጣመማሉ። ከተነሳ አሮጌው ፔስት ተጠርጎ አዲስ ይቀባ።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ አሁንም ከደረቀ ቦርዱን ከኬዙ አውጥተሽ በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጠሽ አስነሺው። እዚያ ላይ ከሠራ፣ ኬዙ ውስጥ ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር የማይገጥም ትርፍ የነሐስ መቆሚያ ከኋላ ይነካዋል ማለት ነው። ቦርዱ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ድራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ)፣ ቡት (ማስነሻ ዲስክ) የሚሉ ትናንሽ መብራቶች ካሉም፣ ሲነሳ ተራ በተራ በርተው ይጠፋሉ፤ በርቶ የቀረው የቆመበትን ደረጃ ይነግርሻል።

ባዮስ አፕዴት አድርጊ ብለው የመከሩሽ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መጀመሪያ የወጡ ቢ550 ቦርዶች ባዮስ ከ5600ጂ ይቀድማል። ግን ራሙ ከተፈተነ በኋላ፣ ያውም ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ብቻ ይደረግ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ እንዳለ ሊሞት ይችላል።

ዲስኩን መጨረሻ ላይ መልሺው። ከእሱ ጋር መድረቁ ከተመለሰ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የዲስክ ጤንነት በሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም እዪው። 05 እና ሲ5 በሚሉት መስመሮች የመጨረሻ ዓምድ ላይ ከዜሮ በላይ ካለ ዲስኩ እየሄደ ነው፤ ፋይልሽን ቶሎ አውጪ። ሲ7 ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ዲስኩን ተዪና የዳታ ገመዱን ቀይሪ፤ በጣም ርካሹ ጥገና እሱ ነው።

ወደ ሱቁ ስትደውዪ የሜምቴስቱን ስክሪን ፎቶ፣ የትኛው ራም የትኛው ማስገቢያ ላይ እንደወደቀና የትኛው መብራት በርቶ እንደቀረ ጽፈሽ ያዢ። ራም የምትልኪ ከሆነ በመጣበት ፕላስቲክ አድርጊው፤ ፕሮሰሰር ከሆነ ያለ ማቀፊያው በአውቶቡስ እንዳይጫን።