መልስ፦ የቆሻሻ መጣያው ክዳን ሊከፈት ሲል አርዱይኖው (ኮድ የሚጫንበት ትንሹ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ለምን ይጠፋል?
ሰርቮውን (ክዳኑን የሚከፍተውን ትንሽ ሞተር) ከአርዱይኖው 5 ቮልት ፒን ላይ ንቀለውና የራሱን ባትሪ ስጠው። ኮድህ ምንም ችግር የለበትም፣ አትነካካው።

የሠራኸው ቆሻሻ መጣያ እጅ ሲጠጋው ክዳኑን ሊከፍት ይልና አርዱይኖው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል ብለሃል። ሰርቮ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል፤ ክዳኑ ከበድ ካለማ ይብስበታል። ተራ የኮምፒውተር ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ አርዱይኖው ከዜሮ ይጀምራል።

1. ቻርጅ የሚደረጉ ባለ 1.2 ቮልት 4 ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኝ። 4.8 ቮልት ይሆናል፤ ለትንሽ ሰርቮ ይበቃል።

2. የባትሪውን ኔጋቲቭ ከአርዱይኖው ግራውንድ (GND የተጻፈበት ፒን) ጋር አገናኝ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን ሽቦ ነው። እሷ ከሌለች ሰርቮው ትእዛዙን በትክክል ስለማያነበው ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ጭራሽ አይነቃነቅም። የባትሪውንና የአርዱይኖውን ፖዘቲቭ ግን አታገናኛቸው።

3. ባለ 470 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ የሚያከማች ዕቃ) ከሰርቮው ሽቦዎች አጠገብ በፖዘቲቭና በኔጋቲቩ መካከል ግጠም።

ካፓሲተሩ ላይ ተጠንቀቅ። ጎኑ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለ፤ በዚያ በኩል ያለው እግር ኔጋቲቭ ነው። እኔ አንዴ ገልብጬ ገጥሜው አናቱ አበጠና ፈነዳ። ጎንበስ ብዬ እያየሁት ስለነበር ለዓይኔ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ከማብራትህ በፊት መስመሩን ደግመህ እየው፤ ስታበራም ፊትህን አርቅ።